የበዛብህ ሁለተኛ ዕድሜ

አንድ ሰው መልካም ነገርን ባለቤቱ ካልሆነ እጅ ቢቀበል፣ ለሰጠው ሰው የሚገባው ምስጋና ነው ወይስ ወቀሳ? ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በመሥሪያ ቤትም በመንገድም ሲከተለኝ የኖረ ጥያቄ ስለ ሆነ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴ የሚፈቅድልኝን ያህል ልመረምረው አስቤአለሁ። ምርመራዬንም የምጀምረው ከመጻሕፍት ሳይሆን ቂርቆስ ሰፈር ከሚገኝ ከአንድ ጠባብ ግቢ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ክረምት የስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። በግቢያችን ጥግ ካለችው ክፍል ውስጥ አንድ ጡረተኛ ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት ዕድሜያቸውን ፈጅተው የወጡ ሰው ናቸው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ የነበረውን ድርጅታቸውን ከሚጠሩበት አኅጽሮት የመጣ ነውና፣ ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ የጸሐፊዎችና የመዝገብ ቤት ሰዎች ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። የእኒህን ሰው ስም ማንሣት ስለማይገባኝ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንደምንጠራቸው «ጋሼ» ብዬ ልለፍ።

ጋሼ ዝናቡ ሥራ ያስፈታኝ መሆኑን አይተው አንድ ቀን በመርፌና በክር የተጠረዘ ወፍራም ወረቀት አዋሱኝ። በጽሕፈት መኪና የተመታ ነው። በየገጹ ጀርባ የተሰረዙ የቢሮ ደብዳቤዎች ይታያሉ። የመንግሥት ወረቀት ለግል ጉዳይ መዋሉ ይገባል አይገባም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እንተወው፤ ወረቀቱ መቼም የተበላሸ ነበር። ጥራዙ ርእስ የለውም፤ የደራሲም ስም የለውም። የሚጀምረው በሞት አፋፍ ላይ የነበረ አንድ ሰው ከተኛበት ተነሥቶ ውኃ ሲጠይቅ ነው።

የሰውየው ስም በዛብህ ይባላል። ከጎጃም የመጣ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። ውኃውን የምትሰጠው የባላባት ልጅ ሰብለ ወንጌል ናት፤ ስለ እርሱ ብላ የአባቷን ቤት ጥላ፣ መልኳን ለውጣ፣ አባይን ተሻግራ የመጣች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አዲስ አበባ ገብተው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጎጆ ይቀልሳሉ። እርሱ ለሰፈሩ ልጆች ዜማ ያስተምራል፤ እርሷ በሕይወቷ ማድጋ ተሸክማ የማታውቀው ወይዘሮ ውኃ መቅዳትና እንጀራ መጋገር ትለማመዳለች። የመጀመሪያው እንጀራ ከምጣዱ ጋር ተጣብቆ ሲቀር ሁለቱም ሥቀው ሥቀው የሚያለቅሱበት ገጽ ነበር፤ ዛሬም በቃሌ ልወጣው የምችል ይመስለኛል። አንድ ቀን ደግሞ ጉዱ ካሣ የሚባል ነገረኛ ዘመድ ከጎጃም ድረስ በእግሩ መጥቶ ደጃቸው ላይ ተቀምጦ ያገኙታል። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ይመጣል፤ በዛብህ ይዘምታል፤ ቆስሎ ይመለሳል። ሴት ልጅ ይወልዳሉ።

አንባቢ ሆይ፣ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኖ በሰፈሩ ስለ ኖሩ ሰዎች የተጻፈ ነገር ያነበበ ሰው ስሜቴን ይረዳልኛል። ታሪኩ እውነተኛ መስሎኝ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የበዛብህን መቃብር ስፈልግ ዋልሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚለውን የመጽሐፍ ስም ሳልሰማው አልቀረሁም፤ በውስጡ እነማን እንዳሉ ግን አላውቅም ነበር። ጥራዙን ስመልስም እንዲህ ስል ጠየቅሁ፤

«ጋሼ፣ ይህን የደረሱት እርስዎ ነዎት?»

«እንዲያው ለጊዜ ማሳለፊያ የሞነጫጨርሁት ነው» አሉኝ።

«እርስዎማ ትልቅ ደራሲ ነዎት» አልኋቸው። ዐይናቸውን ወደ መሬት አደረጉና ዝም አሉ። ይህን ዝምታ አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ ዐረፉ። ራዲዮ ስለ ሥራቸው ሲናገር የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ስም ተጠራ። እናቴ የምትለቅመውን ምስር ከነሰፌዱ አስቀምጣ አንገቷን ደፋች። እርሷ መጽሐፉን አንብባው አታውቅም፤ የምታውቀው በወጣትነቷ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰምታ ነው። ለእርሷ የበዛብህ ድምፅ የወጋየሁ ድምፅ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻም ቁጣ የወጋየሁ ቁጣ ነው። «በዛብህማ ሞተ እኮ፤ ሰብለም መነኰሰች» አለችኝ። እኔም ቂርቆስ ሰፈር ይኖራሉ እንጂ አልሞቱም ብዬ ተከራከርሁ። ክርክሩ ሳይውል ሳያድር ነገሩን ሁሉ ገለጠው።

የተታለለ ልጅ ቁጣ ምሕረት የለውም። በማግሥቱ ጋሼ ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸውና፣ ከሰው ፊት «እርስዎ የሰው ድርሰት የሚሰርቁ ሌባ ነዎት» አልኋቸው። ሽማግሌዎቹ ገሠጹኝ፤ አንዱማ ከዘራውን አነሣብኝ። ጋሼ ግን አልተቈጡም። «ልጄ፣ በዛብህን የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር» ብለው ብቻ ተነሥተው ገቡ።

ይህ መልስ ሰበብ መስሎኝ ብዙ ዓመት ኖርሁ። ነገር ግን ደጋግሜ ሳስበው በውስጡ የማይናቅ ፍሬ ነገር አገኘሁበት። ጥራዙን ያነበበው ሰው መጽሐፉን አስቀድሞ የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው መሥመር፣ በዛብህ ውኃ ሲጠይቅ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ ያውቀዋል፤ «ይህ ሰውዬ ለሀዲስ መጽሐፍ ያለው ፍቅር ምን ያህል ቢሆን ነው!» ብሎም ይደነቃል። ያው ወረቀት፣ ያው ፊደል፣ በሚያውቅ እጅ ሲገባ ክብር መስጠት ነው፤ በማያውቅ እጅ ሲገባ ግን ስርቆት ይሆናል። እንግዲህ የአንድ ሥራ በጎነትና ክፋት በሠሪው ልብ ብቻ ሳይሆን በተቀባዩ ዕውቀትም የሚለካ ከሆነ፣ ሠሪው ለማን እንደሚሰጥ የማስተዋል ግዴታ አለበት ማለት ነው።

ይህን ነገር የቅኔ ቤት ልማድ ያብራራልናል። ጉባኤ ቃናውም፣ ዘአምላኪየውም፣ መወድሱም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚወርድ ልክ አለው። ተማሪ በዚያ ልክ ቢቀኝ፣ የመምህሩንም መንገድ ቢከተል፣ ማንም ሌባ አይለውም፤ እንዲያውም ባይከተል ነው የሚነቀፈው። ሌላው የተቀኘውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ያቀረበ ግን ኀፍረቱ ከጉባኤው አያልፍም፤ ሰሚዎቹ ሁሉ ዐዋቂዎች ናቸውና። የቅኔ ጉባኤ ዳኛ የማያስፈልገው ስለዚህ ነው። በታተመ መጽሐፍ ዘመን ግን አንባቢና ጸሐፊ አይተዋወቁም፤ በዚህ መካከል ስም መጻፍ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆነ።

ሕጉም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራሲ መብት የሚናገር ክፍል ነበረው፤ በኋላም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። እንደ አዋጁ ሥራን መተርጐምም ሆነ ለውጦ ማዘጋጀት የደራሲው መብት ነው፤ ይህም በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በዚህ ስሌት በዛብህ እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ ባለቤት አለው ማለት ነው። አዋጁ ወጥቶ ጋሼን ያወገዝሁበት ዓመት አንድ መሆኑ ይገርመኛል፤ እኔ ግን አዋጁን የማወቅ አቅምም አልነበረኝም፤ ቁጣዬ ከሕግ የመጣ አልነበረም። ጋሼም ከጥራዙ አንዲት ሳንቲም አላገኙበትም። ስለዚህ የኔን ጥያቄ ሕግ ሊፈታልኝ አይችልም። ሕግ ገበያውን ይጠብቃል፤ የኔ ጕዳይ ግን ከገበያ ውጭ በአንድ ግቢ ውስጥ የተፈጸመ ነው።

ከዚያ ጠብ በኋላ መጽሐፉን ለማንበብ ወመዘክር ገባሁ። ከ500 ገጽ የሚበልጠውን መጽሐፍ ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልሁ ጨረስሁት። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ሳነበው ሀዲስን ጠላኋቸው። በኔ ልብ በዛብህ ሽምግልና ሳይገባው በሰላም የሚኖር፣ ልጁን ፊደል የሚያስቈጥር ሰው ነበር፤ እኒህ ደራሲ ግን ልጁ ሳትወለድ ገደሉት። የደራሲውን ሞት በራዲዮ ሰምቼ ጥቂት ወራት ሳይሞላኝ በደራሲው ላይ የነፍስ ማጥፋት ክስ መመሥረቴ ዛሬ ያሥቀኛል።

ሁለተኛ ጊዜ ያነበብሁት የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ስቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ዐይኔ ሌላ ነገር አየ። በዛብህ የታመመው በአንድ ቀን በሽታ አይደለም። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ብፅዓት ገብተውበታል፤ የፊታውራሪ መሸሻም ቤት ለድሃ ልጅ በሩን የከፈተለት ለማስተማር ብቻ ነው። ከሁለት ወገን የታሠረ ሰው ነው። ጉዱ ካሣ ያንን ሥርዓት እየተሳለቀ የሚያፈርሰው ለጨዋታ አይደለም፤ ሥርዓቱ ሰው ሲበላ እያየ ነው። እንግዲህ በዛብህ ቢድንና ሰብለን ይዞ ቂርቆስ ቢገባ፣ ያ ሁሉ የዘር ቍጠራ፣ ያ ሁሉ ትዕቢት ማንን ጎዳ ሊባል ነው? ማንንም አልጎዳም። የጋሼ ጥራዝ ምሕረቱ ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን ለሟቹ ምሕረት ሲያደርግ ገዳዩንም ሳያስበው ነጻ አወጣው። ሀዲስ የጨከኑት በበዛብህ ላይ ሳይሆን በእኛ በአንባቢዎቹ ላይ ነው፤ ተጽናንተን እንዳንተኛ።

ከዚህ በኋላ የኒህን ሰው ሥራ ሁሉ እየፈለግሁ ማንበብ ጀመርሁ። ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፣ ቈይቶም «የልምዣት»ን አገኘሁ። «ትዝታ»ን ሳነብ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው፣ በኢጣልያ ደሴቶች ለዓመታት በግዞት የኖሩ ሰው መሆናቸውን ዐወቅሁ። የትምህርት ሚኒስትርና አምባሳደር የነበሩ ሰው ማታ ማታ የአንድ የገጠር ደብተራን ሞት እንዴት ሊጽፉ ቻሉ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ያለው ከዚያ ዘመን ይመስለኛል። ዛሬ ከኢትዮጵያ ደራስያን ማንን ትመርጣለህ ብባል ሳላመነታ እርሳቸውን እላለሁ። ነገር ግን ወደ እርሳቸው ቤት የገባሁት በዋናው በር አይደለም፤ በጓሮ በር ነው፤ በሩንም የከፈቱልኝ ሌባ ያልኋቸው ሽማግሌ ናቸው። ጥራዙ ባይኖር ኖሮ መጽሐፉን ምናልባት ለፈተና ያህል አንብቤ እተወው ነበር።

በሌላው ዓለምም ይህ ጕዳይ አዲስ አይደለም። እስፓኛዊው ሰርቫንቴስ የዶን ኪሾትን የመጀመሪያ ክፍል በ1605 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ካሳተመ በኋላ፣ በ1614 አቬላኔዳ የሚል የብዕር ስም ያለው ሰው ተከታዩን ክፍል ጽፎ አወጣበት። ሰርቫንቴስም ተቈጥቶ በሚከተለው ዓመት የራሱን ሁለተኛ ክፍል አወጣ፤ በመጨረሻውም ማንም እንዳይነካው ባላባቱን ገድሎ ቀበረው። ያ ሌላው ሰው ባይነሣበት ኖሮ ሁለተኛው ክፍል በዚያ ፍጥነት ባልወጣም ነበር፤ ለዓለም የተረፈውም እርሱው ነው። ስኮትላንዳዊው ኮናን ዶይል በአንጻሩ በ1893 የገደለውን ሸርሎክ ሆምስን አንባቢዎች አልቀበልም ስላሉት በ1903 ከሞት ሊያስነሣው ተገደደ። ሀዲስ ግን በዛብህን አላስነሡትም፤ ያስነሡት ጋሼ ናቸው።

አሁን ወደዚያ ዝምታ ልመለስ። ነገሩን በመዘንሁት ቍጥር የጋሼ ጥፋት በጽሕፈት መኪናው ላይ አልተፈጸመም እላለሁ። አንድ ሰው የወደደውን ድርሰት በልቡ ቢቀጥለው፣ የልቡንም በወረቀት ቢያኖረው፣ ማንን በደለ? ሁላችንም መጽሐፍ ከዘጋን በኋላ በየሌሊቱ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ጥፋቱ የተፈጸመው እኔ «ትልቅ ደራሲ ነዎት» ባልሁ ጊዜ «የለም ልጄ፣ ሰዎቹ የሀዲስ ናቸው» ለማለት በሚበቃ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ያልሠሩትን ምስጋና መልሰው አልሰጡም። ግን ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ የሌላ ሰው ቃል ሲመታ የኖረ፣ ስሙ በአንድም ደብዳቤ ግርጌ ያልወጣ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደራሲ ተብሎ ሲጠራ አንዲት ደቂቃ ዝም ቢል፣ እኔ ብሆን ኖሮ አልዝምም ነበር ብዬ ለመማል እፈራለሁ።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። እኔ ራሴ በየቀኑ ረቂቅ አዘጋጃለሁ፤ የሚፈርምበት ሌላ ነው። ይህን ማንም ስርቆት አይለውም፤ ፈራሚው ከፊርማው ጋር ኃላፊነቱንም ይወስዳልና፤ ደብዳቤው ቢሳሳት የሚጠየቀው እርሱ ነው። ጋሼ ግን በኔ ፊት የሌላውን ክብር ሲቀበሉ ምንም ኃላፊነት አልተቀበሉም ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ግን ልዩነት ነው።

የኔስ ጥፋት? እውነቱን የተናገርሁት ለሀዲስ ክብር ተቈርቍሬ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን የሀዲስን አንድ ገጽ እንኳ አላነበብሁም። የተቈጣሁት ለደራሲው ሳይሆን ለራሴ ነው፤ በእናቴ ፊት አላዋቂ ሆኜ ስለ ተገኘሁ። እውነት የተናገረ ሰው ሁሉ ስለ እውነት ብሎ ይናገራል ማለት አይደለም። ጋሼን ይቅርታ ለመጠየቅ በየዓመቱ ሳስብ፣ በየዓመቱም ስተው፣ እኔ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሥራ ከያዝሁ በኋላ እርሳቸው ዐረፉ። ለቅሶ ደርሻለሁ፤ ነገር ግን ለቅሶ ይቅርታ መጠየቂያ አይሆንም።

ባለቤታቸው ከዚያ በኋላ ካዛንቺስ ከእኅታቸው ዘንድ ይኖሩ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አሮጌው ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወር፣ ዕቃ በማሸግ ልረዳቸው ሄድሁ። ከአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ግርጌ ያ ጥራዝ ወጣ። እጄ ላይ አይተውት «ውሰደው፤ እሱ ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካውም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ማለት የትኛው ቀን እንደ ሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የመጨረሻው ገጽ የበዛብህ ልጅ ፊደል ልትቈጥር ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ ግማሽ መሥመር ላይ ይቆማል።

ቈርቆሮው ከሚነቀልበት ግድግዳ አጠገብ ቆመን ነው ቀሪውን የነገሩኝ። ጋሼ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ተወስዶ ቀረ፤ እንደ ወጉ አልቅሰው እንኳ አልቀበሩትም። በዚያው ዓመት ጋሼ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አነበቡ። መጽሐፉን ጨርሰው ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። በአራተኛው ቀን ከቢሮ የተበላሸ ወረቀት ይዘው መጡ። ሚስታቸው ምን ሊያደርጉበት እንደ ሆነ ሲጠይቋቸው «አንድ ሰው እንኳ ከነሕይወቱ ይመለስልኝ» አሏቸው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ስለ ምሕረትና ስለ ገዳይ ከላይ የጻፍሁትን ልሰርዘው አስቤ ነበር። አልሰረዝሁትም፤ ስለ መጽሐፉ ያልሁት አሁንም ትክክል ይመስለኛል። ስለ ሰውየው ግን ምን ያህል ጥቂት እንዳወቅሁ ያየሁት ያን ዕለት ነው። የሀዲስ ፍርድና የጋሼ ልመና በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይደሉም።

ጥራዙ ዛሬ ከቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ «ሰዎቹ የሀዲስ ዓለማየሁ ናቸው» ብዬ በእጄ ጽፌበታለሁ። ከሥሩ የጋሼን ስም ልጨምር ባለቤታቸውን ብጠይቅ «እሱ ቢፈልግ ኖሮ አይጽፈውም ነበር?» ስላሉኝ ቦታው ባዶ ሆኖ ቀርቷል። ባለፈው ወር የሥራ ባልደረባዬ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ አባቷን ልትጠብቅ መጥታ ጥራዙን ጠረጴዛዬ ላይ አየችውና ላንብበው አለችኝ። አስቀድማ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንድታነብ መጽሐፉን ሰጠኋት። ትናንት ስትመለስ ገና ከግማሽ አላለፈችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በዛብህ ይሞታል እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም መሳቢያውን ቈልፌ «አንብቢው» አልኋት።